የሚጮህ ግን የማይዝ የኋላ ፍሬን፦ ጥፋቱ የሸራው ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። «የተራራ ብስክሌቴ ሃይድሮሊክ ዲስክ ፍሬን አለው። ከሦስት ሳምንት በፊት የኋላውን ሸራ ራሴ ቀየርኩ። መጀመሪያ ቆንጆ ነበር። ከዚያ ቁልቁለት ላይ መጮህ ጀመረ። አሁን ማንሻው ድንጋይ ሆኖ ጎማው አይቆምም። ሸራውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ዲስኩን በአልኮል ጠረግኩት፣ አንድ ቀን ሠራና ተመልሶ ያው ሆነ። ሁለተኛ ጊዜ በጋዝ እሳት አሞቅኩት፣ እንደገና ያው። የብረት ሸራ ልግዛ? ዲስኩን ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር ልቀይረው? ወይስ አየር ላስወጣ?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ለጊዜው ኪስህ ውስጥ ተወው። መልሱ ራስህ በጻፍከው ውስጥ አለ። «አንድ ቀን ሠራና ተመልሶ ያው ሆነ» ያልክበት ቦታ ላይ። መጥፎ ሸራ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መጥፎ ይሆን ነበር። ጸድቶ ከሠራ በኋላ ተመልሶ የሚበላሽ ከሆነ ግን የሆነ ነገር እየመጣ ያበላሸዋል ማለት ነው። ያ ነገር ብዙውን ጊዜ ዘይት ነው።

አየር ማስወጣቱን አሁኑኑ ከሐሳብህ አውጣ። ማንሻው ድንጋይ ሆኗል ብለሃል። ማንሻው ከጠነከረ ግፊቱ በቱቦው አልፎ ፒስተኑ ጋ ደርሷል፣ ፒስተኑም ሸራውን ዲስኩ ላይ ለጥፎታል። ሃይድሮሊኩ የድርሻውን ጨርሷል። የጠፋው በሸራውና በዲስኩ መካከል ያለው ፍትጊያ ነው። በተቃራኒው ማንሻው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ወይም እስከ መሪው ገብቶ ሁለት ሦስቴ ስትደጋግመው ከጠነከረ፣ ያኔ አየር ገብቷል ወይም ፈሳሹ ከሙቀት ብዛት ፈልቷል እንላለን። ይህን ሳይለዩ ስሪንጅ ይዘው አየር ለማስወጣት የሚሯሯጡ ብዙ ናቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። እንዲያውም በሥራው መሃል ጠብ ያለች የፍሬን ዘይት ደህናውን ሸራ ይዛው ትሄዳለች።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሸራው መቃጠል ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቅ በስሱ ይዘህ ከወረድክ የሸራው ፊት ይጠነክርና እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ይሄም ይጮሃል፣ ይሄም አይዝም። ግን ላዩ ሲፋቅና እንደገና ሲሟሽ ይድናል። በማግስቱ ያለምክንያት አይመለስም። መልኩም ይለያል። የተቃጠለ ሸራ ደረቅና አንጸባራቂ ነው፤ ዘይት የጠጣ ሸራ ግን ጠቆር ያለና እዚህም እዚያም እርጥብ የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ነው። ነጭ ሶፍት ላይ አጥብቀህ ስትጫነው ቅባት ከተወ ነገሩ አለቀ።

እንግዲህ ዘይት ነው ካልን ከየት መጣ? ከሁለት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚመጣው። ከውጭ ወይም ከውስጥ።

ከውጭ ሲሆን ዋናው ጥፋተኛ የሚረጭ ዘይት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጅልነት ልንገርህ። አንድ ሰሞን የኋላ ፍሬኔ ልክ እንዳንተው ይጮህ ነበር። ሸራ ገዛሁ፣ ጮኸ። ሌላ ዓይነት ሸራ ገዛሁ፣ ጮኸ። ሸራ የሸጠልኝን ሰው በልቤ ስረግመው ከረምኩ። አንድ ማታ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ እንደ ልማዴ ካቴናው ላይ ዘይት ስረጭ መብራቱ ከኋላ በኩል ነበር። ከቆርቆሮው የወጣው ጉም ካቴናውን አልፎ፣ በጎማው ሽቦዎች መሃል ሾልኮ፣ በወዲያኛው በኩል ያለው ዲስክ ላይ ቀስ ብሎ ሲያርፍ በዓይኔ አየሁት። ዲስኩ በግራ ካቴናው በቀኝ ስለሆነ አይገናኙም ብዬ ነበር የማስበው። ለካ በየሳምንቱ በገዛ እጄ ስቀባው ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ካቴና በጠብታ ነው የማጠጣው፣ በእያንዳንዱ ዓይን ላይ አንዲት ጠብታ፣ ከዚያ የተረፈውን በጨርቅ መጥረግ። የፍሬም ማስዋቢያና ማብረቂያ ስፕሬይም ያው ነው። በጣት ዲስኩን መንካትም ቢሆን ቅባት ይተዋል፤ በአልኮል ሲጠረግ ግን ይለቃል።

ከውስጥ የሚመጣው ግን ተንኮለኛ ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንተን የምጠረጥርህ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ችግሩ የጀመረው ሸራ በቀየርክ ሰሞን ነው።

ካሊፐሩ ውስጥ፣ ማለትም ፒስተኖቹንና ሸራዎቹን በያዘው አካል ውስጥ፣ እያንዳንዱን ፒስተን የከበበ የላስቲክ ቀለበት አለ፤ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሉት። ቀለበቱ ሁለት ሥራ አለው። ፈሳሹ እንዳይወጣ ይዘጋል። ማንሻውን ስትይዝ ደግሞ ከፒስተኑ ጋር ትንሽ ይጠመዘዝና ስትለቀው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑን ይዞት ወደ ኋላ ይገባል። ሸራው ከዲስኩ የሚላቀቀው በዋናነት በዚህ ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ተንሸራቶ ወደፊት ይወጣል። ሦስት ወርም ሆነ አንድ ዓመት በዚያ ወጣ ብሎ የቆየው የፒስተን ጎን ጭቃና የሸራ ብናኝ ይለብሳል። አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑን ወደ ኋላ ስትገፋው ያንን ሁሉ ቆሻሻ ይዞ በጎሚኒው መሃል ያልፋል። ቀለበቱ ይጫራል። ፈሳሹ በዓይን በማይታይ መጠን ማላብ ይጀምራል።

በምን ገፋኸው? ይሄን አልጻፍክም። ካቻቢቴ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። በብዙ ፍሬኖች ላይ ፒስተኑ ሴራሚክ ነው። ሙቀት ወደ ፈሳሹ እንዳያልፍ ጎበዝ ነው፣ ግን እንደ ሲኒ ጠርዙ ይሸረፋል። በብረት ጫፍ አንድ ጎኑን ብትጫነው ሊሰነጠቅ ይችላል። ፒስተን የሚገፋው በፕላስቲክ የጎማ ማውለቂያ ነው፣ ያውም መሃሉን፣ ያውም መጀመሪያ ጎኑን ካጸዱ በኋላ።

መላ ምት ይብቃን። የሚያላብ መሆን አለመሆኑን ዛሬ ማታ ማወቅ ትችላለህ፤ የሚያስፈልግህ አልኮል፣ ነጭ ሶፍትና አንድ ገመድ ብቻ ነው። የኋላ ጎማውን አውልቅ። ሸራዎቹን አውጣና ከመጣልህ በፊት ገልብጠህ የብረቱን ጀርባ እይ፣ ፒስተኑ የሚነካበትን ክብ ቦታ። የሚረጭ ዘይት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ሸራ ከፊት በኩል ያገኛቸዋል። የሚያላብ ፒስተን ግን ጀርባውን ያረጥባል፣ ብዙ ጊዜም የአንዱን ብቻ። አንደኛው ጀርባ ደረቅና አቧራማ፣ ሌላኛው ጥቁር ጭቃ የለጠፈ ከሆነ ግማሹ መልስ እጅህ ገብቷል።

ቀጥለህ የካሊፐሩን ሆድ ዕቃ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ፤ ሶፍቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። በፒስተኖቹ መካከል ሸራዎቹን የሚተካ ጠንካራ የፕላስቲክ ቁራጭ አስገባ። ይህቺን እንዳትዘል፤ ባዶውን ማንሻ ብትስብ ፒስተኑ ተፈናጥሮ ይወጣና ሌላ ሥራ ይጨምርልሃል። አሁን ማንሻውን ጥብቅ አድርገህ ሳበውና በገመድ ከመሪው ጋር እሰረው። ተኛ። ጠዋት ገመዱን ሳትፈታ የሶፍቱን ጫፍ እንደ ክር አጠንጥነህ በእያንዳንዱ ፒስተን ዙሪያ አዙረው። ደረቅ ከወጣ ጎሚኒው ደህና ነው፣ ጥፋቱ የሚረጨው ዘይት ነው። ቀጭን የቅባት መስመር ከያዘ አገኘኸው። ማታ ጠንካራ የነበረው ማንሻ ጠዋት ወደ መሪው ተጠግቶ ከጠበቀህማ ሶፍትም አያስፈልግህም።

የሚያላብ ከሆነ ምንም ዓይነት ሸራ አያድነውም። በወርቅ የተለበጠ ብትገዛለትም። አንዳንድ አምራቾች ጎሚኒና ፒስተን ለብቻው ይሸጣሉ፣ ሌሎች ግን ካሊፐሩን እንዳለ ቀይር ነው የሚሉት። የሚሞላው ፈሳሽ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ሺማኖና ማጉራ የተባሉት አምራቾች የማዕድን ዘይት ነው የሚጠቀሙት። ስራም የተባለው አምራች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዶት 5.1 የሚባለውን የፍሬን ፈሳሽ ሲጠቀም ኖሮ እንደ ዲቢ8 እና ሜቨን ያሉት ሞዴሎቹ ላይ ወደ ማዕድን ዘይት ዞሯል። ስለዚህ በብራንድ ስም አትገምት፤ ማንሻው ላይ የተጻፈውን አንብብ። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባህ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ ወይም ይበላሻሉ፣ ፍሬኑም ከላይ እስከ ታች ይሄዳል። ዶት ቀለም ስለሚበላም ፍሬሙ ላይ ጠብ ካለ ቶሎ በውኃ እጠበው።

ስለ እሳቱ አንድ ነገር ልበል። ሸራ በእሳት የማሞቁ ብልሃት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ሸራ ውስጡ ባለ ቀዳዳ ስለሆነ ዘይቱ ላዩ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ይሰርጋል። ስታሞቀው ላዩ ይደርቃል፣ አንድ ቀን ደህና ይሠራል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ደግሞ ውስጥ የቀረው ወደ ላይ ይወጣል። ኦርጋኒክ በሚባለው ሸራ ላይ ደግሞ እሳቱ ራሱ ሸራውን የያዘውን ሙጫ ያቃጥለዋል፤ ከብረቱ ተላቆ ቢወድቅ በምን ልትቆም ነው? ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል። የሚያሳዝን ነው፣ ግን ይጣላል። ዲስኩ አይጣልም፤ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ይጸዳል፣ ከዚያ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸትና እንደገና በአልኮል መጥረግ ይበቃዋል።

አዲሱን ሸራ ስታስገባ አሟሸው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፤ ከዚያ «ሸራው ውሸት ነው» ይላል። አዲስ ሸራ በደንብ የሚይዘው ከራሱ ላይ ስስ ሽፋን ዲስኩ ላይ ከቀባ በኋላ ነው። ሜዳ መንገድ ፈልግ። ፈጠን ብለህ ሂድና ፍሬኑን እኩል በሆነ ጉልበት ይዘህ ወደ እግረኛ ፍጥነት አውርደው፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትቁም፣ ጎማውም እንዳይታሰር። ልቀቅ፣ እንደገና ፍጠን። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያህል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ላይ ምንም የማይዝ ይመስልሃል፤ ከዚያ በድንገት ከጣትህ ሥር ሲነክስ ይሰማሃል። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ቆመህ ማንሻውን እንደያዝክ ብትቆይ የጋለው ሸራ ባለበት ቦታ ላይ ማኅተም ይተዋል፣ ከዚያ ፍሬኑ ዙሩን ሁሉ እየተንቀጠቀጠ ይይዛል።

የብረት ሸራ ልግዛ ላልከው፣ ዘይቱ ሳይቆም አትግዛ። ከቆመ በኋላ በምን ዓይነት መንገድ እንደምትነዳ ነው የሚወስነው። ኦርጋኒኩ ዝም ያለ ነው፣ ከቀዝቃዛ ጀምሮ ይይዛል፣ ቶሎ ይሟሻል፣ ግን በጭቃና በአሸዋ ቶሎ ያልቃል። በጣም ሲግል ደግሞ ይሰንፋል። የብረቱ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ጭቃ አይበግረውም፤ በአንጻሩ ይጮሃል፣ ለመሟሸት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሙቀቱንም ወደ ፒስተኑና ወደ ፈሳሹ ያሳልፋል። ላዳጋችና ጭቃማ መንገድ የብረቱን እመርጣለሁ። ለቀሪው ኦርጋኒኩን። ከመግዛትህ በፊት ግን ዲስክህን እይ። አንዳንዱ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። ለኦርጋኒክ ብቻ ማለት ነው። የብረት ሸራ ብታስርበት ዲስኩን በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ዲስክ ከ160 ወደ 180 ማሳደግ የማቆም ጉልበቱን በ12 በመቶ ተኩል ገደማ ይጨምራል፤ ወደ 203 ቢሆን 27 በመቶ ያህል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ሸራው ከመሃሉ በራቀ ቁጥር የመጠምዘዝ አቅሙ ያድጋል። የሙቀት ማስወገጃ ስፋትም ይጨምራል። ግን ዘይት የነካ ፍሬን የሚያጣው 12 በመቶ አይደለም፣ ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ነው። ደግሞም ፍሬሙ የሚፈቅደውን ትልቁን ልክ ሳታይ፣ የካሊፐር ማስጠጊያም ሳትገዛ አይሆንም። ካደግክ ከፊት ጀምር፤ አብዛኛው የማቆም ሥራ እዚያ ነው።

ቁልቁለት ላይ ስለመጮሁም ላንሳ። አንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ብትሆኑና ፍጥነትህን ሳትጨምር 500 ሜትር ከፍታ ብትወርድ፣ የሚለቀቀው ጉልበት 1.3 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ የሚያደርስ ነው። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ ቀሪውን የሚሸከሙት እያንዳንዳቸው 150 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሁለት ስስ ዲስኮች ናቸው። ስለዚህ በስሱ ይዘህ አትንጠልጠል። ልቀቀውና ይሂድ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ እንደገና ልቀቅ። በለቀቅክባት ጊዜ ነው ዲስኩ የሚተነፍሰው። የፍሬኑ ፈሳሽ ዶት ከሆነ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 5.1 እስከ 260 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መስፈርቱ የሚጠይቀው 180 ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ቀይረው የሚባለው ለዚህ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ የእናንተ ፍሬን የሚጮህ ግን በደንብ የሚይዝ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። ዝናብ ላይ የሚጮህና ሲደርቅ የሚተው ጤነኛ ነው። ደረቅ ሆኖ ከጮኸ የዲስኩና የካሊፐሩ ብሎኖች መጥበቃቸውን እዩ። የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች ትንሽ አላልታችሁ፣ ማንሻውን ይዛችሁ፣ እንደያዛችሁ በየተራ ማጥበቅ ብዙ ጩኸት ያጠፋል። ውፍረትም ለኩ። ሺማኖ ሸራው 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቀይሩ ይላል፣ ስራም ከነብረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያንስ። 1.8 ሆኖ የተሠራው የሺማኖ ዲስክ 1.5 ሲደርስ ጡረታው ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል።

አንተ ግን የገመዱን ነገር ዛሬ ማታ ሞክረው። እስከዚያ ቁልቁለት አትውረድበት፣ በፊተኛው ብቻ እቆማለሁም አትበል። ጠዋት ሶፍቱ ምን ይዞ እንደወጣ፣ ፒስተኑን በምን እንደገፋኸው፣ ማንሻው ላይ የተጻፈውን ሞዴልም ጨምረህ ጻፍልኝ፤ ጎሚኒው ለብቻው የሚቀየር ይሁን ወይስ ካሊፐሩ እንዳለ ያኔ እነግርሃለሁ።